ተረት ሥጋ ሲለብስ
ስለ ተመልካች ፍርድ የቀረበ አጭር ታሪክ

ተረት በአፍ ሲነገር ሠዓሊው ሰሚው ነው። ተራኪው «አንድ ጅብ ነበረ» ባለ ጊዜ በምድጃው ዙሪያ የተቀመጡ ዐሥር ልጆች በልባቸው ዐሥር ጅብ ይሥላሉ። የአንዱ ጅብ የሌላውን አይመስልም፤ ነገር ግን ማንም በማንም ሥዕል ላይ ክርክር ሳያነሣ ሁሉም በየራሱ ጅብ ደስ ብሎት ይተኛል። ይህ ስምምነት የሚናወጠው አንድ ሰው ተነሥቶ «ጅቡስ ይኸውላችሁ» በማለት አካል ሰጥቶ በዐደባባይ ያሳየ ዕለት ነው። ያን ጊዜ በብዙ ልብ የተሣለው ብዙ ጅብ ከአንዱ ጅብ ጋር ይጋጫል፤ ከዚያም አድናቆት፣ ወይም ሣቅ፣ ወይም ቍጣ ይወለዳል።

በዘመናችን ይህ ነገር በሲኒማ ዓለም ዘወትር ይታያል። ልጆች በሥዕል ብቻ የሚያውቁት ታሪክ ሕያው ሰው ወይም ሕያው እንስሳ መስሎ በፊልም እንደገና ሲቀርብ፣ ተመልካቹ «የእኔ የልጅነት ወዳጅ እንዲህ አልነበረም» ብሎ ይሟገታል። ብዙ ሰው ይህን ሙግት በቅርብ የመጣ የውጭ አገር ነገር አድርጎ ይገምተዋል። ታሪካችንን ለመረመረ ሰው ግን አገራችን የዚህን ክርክር ጽኑ ምሳሌ ከመቶ ዓመት በፊት አይታለች፤ ዋጋም ከፍላበታለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ ከምንጩ ጀምሮ በአጭሩ መግለጥና ለዛሬው ሠራተኛ፣ መምህርና ተማሪ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ተረት አካል ሳያገኝ በፊት

አውሬን በሰው ምሳሌ መናገር በአገራችን ጥንታዊ ነው። በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ የእንስሳትንና የአዕዋፍን ጠባይ እያነሣ ለሰው ምግባር ምሳሌ ያደርጋቸው ነበር። ከመጽሐፍም ውጭ፣ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬና ከብት ጠባቂ ሳይቀር ጅቡን በሆዳምነት፣ ጦጣዋን በብልኀት፣ አህያዋን በየዋህነት፣ አንበሳውን በንጉሥነት መድቦ ሲያስተምር ኖሯል።

ለዚህ ነገር ከሚሴንና አካባቢዋን መመልከት ይጠቅማል። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ናት። በስተ ምሥራቅ የአፋር ቆላ ይዋሰናታል፤ በዚያው ዞን ያለችው የባቲ ከተማ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ስትሆን፣ በዚያ ገበያ ላይ ደገኛው ከአፋሩ፣ እህል ከጨው፣ በሬ ከግመል ጋር ይገናኛል። በዚህ ምድር የሚያድግ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቋንቋ ይሰማል፤ ተረትም በሁለት አፍ ይደርሰዋል። በአማርኛ «ጅብ» ያለው በአፋን ኦሮሞ «ወራቤሳ» ይሆናል፤ «አንበሳ» ያለውም «ሌንጫ» ይባላል። ስሙ ቢለወጥም ጠባዩ አይለወጥም።

የኦሮሞ ተረት ከምድጃ ዳር ወደ ማተሚያ ቤት የገባውም ሰዎች ከሚያስቡት ቀደም ብሎ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ብዙ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና መዝሙሮችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1894 በምጥዋ አቅራቢያ በምትገኘው በምኩሉ ለማስተማሪያ የሚሆን መጽሐፍ በግእዝ ፊደል አሳትመዋል። ተረቱ በቃል የነበረው በጽሕፈት ሲተካ ሰሚው አንባቢ ሆነ። ነገር ግን ጽሕፈት ለአውሬው ፊት አይሰጠውምና፣ አንባቢው እንደ ሰሚው ሁሉ ሠዓሊነቱን አላጣም። ስለዚህም ተረቱ በመታተሙ «ይህ ጅብ እኔን ነክቶኛል» ብሎ የተቈጣ ሰው አልነበረም።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ምሳሌ ለነገራችን መግቢያ ይሆነናል። ጅቡ ክብር የሚያገኘው በማያውቁት ዘንድ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ፊት በቀረበ ጊዜ ግን ምን ይደርስበታል? ይህን በአዲስ አበባ የሆነው ነገር ይመልስልናል።

ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛነትን ትምህርት የተማሩ፣ የአውሮፓንም ሥልጣኔ በቅርብ የተመለከቱ ሰው ነበሩ። በሩሲያ ቴአትር የሕዝብ መማሪያ መሆኑን አይተዋል። በፈረንሳይኛ የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ያውቃሉ። ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ በከተማይቱ የነበረው ጨዋታ የአዝማሪ ዘፈን፣ ጭፈራና የመሳሰለው ነበር እንጂ ታሪክን በሚና ከፍሎ በመድረክ የሚያሳይ ቴአትር አልነበረም።

እርሳቸውም ይህን ጉድለት ለመሙላት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ድርሰት ጻፉ። በኢትዮጵያ በዘመናዊ አቀራረብ የተጻፈ የመጀመሪያው ቴአትር ይህ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል፤ የታየበትን ዓመት ግን ከ1905 እስከ 1913 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በየበኩላቸው ይመድቡታል። የታየውም በአዲስ አበባ ቴራስ በተባለው የፈረንሳዊ ሆቴል ውስጥ፣ መኳንንቱና ሹማምንቱ በተገኙበት ነው።

ደራሲው የመረጡት መንገድ አስተዋይነታቸውን ያሳያል። በጊዜው የነበረውን የአስተዳደር ብልሹነት፣ የጉቦን ክፋትና የሥራ ቸልተኛነትን በግልጥ መናገር አደገኛ ነበረና፣ ነቀፌታውን በአውሬዎች አፍ አኖሩት። አውሬ ቢናገር ማን ይከሰሳል? አባቶቻችንስ ሲናገሩ የኖሩት በዚሁ ዘዴ አልነበረምን? ደራሲው አዲሱን ጥበብ በአሮጌው የተረት ልማድ ጠቅልለው ማቅረባቸው በእውነት ብልኀት ነበር።

ነገር ግን ከምድጃ ዳር እስከ መድረክ ያለው ርቀት ከታሰበው በላይ ረጅም ሆኖ ተገኘ። በተረት ውስጥ አውሬው በምናብ ይኖራል፤ በመድረክ ላይ ግን አውሬ ሆኖ የሚናገረው ሁለት እግር ያለው፣ በአማርኛ የሚሟገት፣ የሚቀመጥና የሚነሣ ሰው ነው። ተመልካቹ በሰውየው ውስጥ አውሬውን ያያል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በአውሬው ውስጥ ሰውየውን አየ፤ ያ ሰውም ራሱ ሆኖ ታየው። በምድጃ ዳር «ሆዳሙ ጅብ» ሲባል አብሮ የሣቀው መኰንን፣ በቴራስ ሆቴል ሆዳሙ ቆሞ ሲናገር ባየው ጊዜ ሣቁ ጠፋበት። ጅቡ በሚያውቁት አገር መጥቶ ነበርና ቁርበት የሚያነጥፍለት አላገኘም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በሰፊው ይታወቃል። የቴአትሩ ነቀፌታ ለቤተ መንግሥት ሰዎች ተገለጠ፤ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመንም ቴአትሩ ታገደ። እገዳውም በአንዱ ድርሰት ላይ ብቻ አልቀረም፤ ቴአትር የተባለው ሥራ በጠቅላላው ገና በእንጭጩ ተቀጨ። አንድ ጥበብ በተወለደ በመጀመሪያው ዕለት የተመልካቹ ቍጣ አንቀላፍቶ እንዲቆይ አደረገው ማለት ነው።

የቍጣው ምክንያት ምን ነበር?

የዚያን ጊዜ ተመልካቾች አላዋቂዎች ነበሩ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም። ሰም ለበስ ቅኔን የሚያጣጥም፣ ከአንድ ቃል ሁለት ፍች የሚያወጣ ሕዝብ ምሳሌን አላወቀም ሊባል አይቻልም። እንዲያውም የተቈጡት ምሳሌውን አጥርተው ስላወቁት ነው። ስለዚህ ምክንያቱን በሌላ በኩል መፈለግ ይገባል።

መጀመሪያ፣ በቅኔና በተረት ወርቁን የሚያወጣው ሰሚው ራሱ ብቻውን ነው፤ ቢነካውም በልቡ ደብቆ ይይዘዋል። በቴአትር ግን ሁሉም በአንድ ቤት ተቀምጦ በአንድ ጊዜ ይሥቃል። የተነቀፈው ሰው ነቀፌታውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ሣቅ ይሰማል። ከተረቱ ይልቅ የሚያቈስለው ያ ሣቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ተመልካቾቹና ተነቃፊዎቹ አንድ ወገን ነበሩ። በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ ከመኳንንቱ በቀር ቴአትሩን አይቶ በሌላ አስተያየት የሚመዝን ሕዝብ አልነበረም። ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ፍርዱ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው።

ሦስተኛ፣ ቍጣ በቃል ወይም በጽሕፈት ተገልጦ የሚበርድበት መንገድ ገና አልተለመደም። አእምሮ የተባለው ጋዜጣ ቀደም ብሎ ቢጀመርም ቅጂው ጥቂት ነበር፤ ብርሃንና ሰላም የተቋቋመው በ1917 ዓ.ም. ነው። ቴአትርን በጽሑፍ መተቸት የሚባለው ልማድ አልነበረምና፣ ያልወደደ ሰው ሊጽፍ የሚችለው ሂስ ሳይሆን የክልከላ ትእዛዝ ብቻ ሆነ።

ሲኒማ ቤትም በመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ የተሻለ አቀባበል አላገኘም። በጨለማ ቤት ግድግዳ ላይ ሰው ሲሄድ፣ ፈረስ ሲጋልብ ያየው የከተማ ሕዝብ ነገሩን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህም ስም ከመሣቂያነት አልፎ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ ሕዝቡ የፈራው ሥዕሉን ሳይሆን የሥዕሉን ሕያውነት ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለውን ቅዱስ ጊዮርጊስንና ፈረሱን በፍቅር ሲሳለም የኖረ ሰው፣ ፈረሱ ከግድግዳው ላይ ሲንቀሳቀስ ግን ደነገጠ። ሥዕል በቦታው ሲቆም ወዳጅ ነው፤ ሲንቀሳቀስ ግን ማን እንዳንቀሳቀሰው ይጠየቃል። ጊዜ ሲያልፍ ግን ያው ሕዝብ ወደ ሲኒማ ቤት ትኬት ገዝቶ ተሰልፎ የሚገባ ሆነ።

ከእገዳው በኋላ

በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል በተከበረ ጊዜ ቴአትር እንደገና ክብር አገኘ። ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው በትምህርት ቤቶችና በአዳራሾች ድርሰቶቻቸውን አሳዩ፤ በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ትልቁ አዳራሽ በራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ይሁን እንጂ ትኵረቱ በታሪክ፣ በሃይማኖትና በአገር ፍቅር ላይ ስለ ነበረ፣ የተከለከለው የአውሬዎች ጨዋታ ወደ ዋናው መድረክ በቶሎ አልተመለሰም። ተረት የተጠጋው ወደ ትምህርት ቤት ነው፤ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ከጠላት ወረራ በኋላ በብዙ ተማሪ እጅ ገብቶ የእንስሳትን ምሳሌ በግጥም አስተማረ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትም በእገዳው ምክንያት ከመንግሥት ሥራ አልተለዩም። በጨርጨር አገረ ገዥነት የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቈረቈሩ፤ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ በጠላት ወረራ ዋዜማም በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተሟገቱ። በ1969 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ረጅም ዕድሜ ኖረዋል። በመድረክ የነቀፉትን የአስተዳደር ጉድለት በኋላ በሥራ ለማቃናት መድከማቸው፣ የቴአትሩ ዓላማ ስድብ ሳይሆን ማቃናት እንደ ነበረ ይመሰክራል። ያን ጊዜ የተቈጡት ሰዎች ይህን ለማየት ትዕግሥት ቢኖራቸው ኖሮ፣ የአገራችን ቴአትር ዕድሜ በብዙ ዓመት በቀደመ ነበር።

አውሬዎቹ ወደ ሕፃናቱ የተመለሱት በቴሌቪዥን ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የብሔራዊ ቴአትር ባልደረባ የነበሩት ተስፋዬ ሣህሉ በልጆች ክፍለ ጊዜ ብቅ አሉ፤ ከዚያም አርባ ዓመት ያህል የሕፃናት ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» ሆነው ኖሩ። እርሳቸው ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ፋቡላ ያልፈታውን ችግር ፈትቷል። የአውሬ ጭንብል ሳያጠልቁ፣ እንደ አያት ተቀምጠው፣ በድምፃቸውና በፊታቸው ብቻ አንዴ ጅብ አንዴ ጦጣ እየሆኑ ተረቱን ተናገሩ። ሕፃኑ ሽማግሌውን እያየ ጅቡን በልቡ እንዲሥል ነፃነት ተሰጠው። ተረቱ ሥጋ ለበሰ፤ ሠዓሊው ግን ልጁ ሆኖ ቀረ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሽማግሌውም ጐልማሳውም እንደ ገዛ ዘመዱ ያዘነላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከእርሳቸው ቀጥሎ በብሩክታዊት ጥጋቡና በባልደረባዋ የተሠራው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን ሲቀርብ፣ ጸሐይ የተባለችው ቀጭኔ በጨርቅ አሻንጉሊትነት ታየች። አሻንጉሊት መሆኗ በግልጥ ይታወቃል፤ እጅ እንደሚያንቀሳቅሳትም አይሰወርም። ሕፃናቱ ግን በደስታ ተቀበሏት፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ሽልማት አገኘ። ተመልካች የሚፈልገው አውሬው እውነተኛ እንዲሆን ሳይሆን የሚታመን እንዲሆን መሆኑን ይህ ያስረዳል።

የውጭው ዓለም ምስክርነት

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አለመሆኑን ሁለት ምሳሌ ያሳየናል። «የአንበሳው ንጉሥ» የተባለው የአሜሪካ የሥዕል ፊልም እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ በዓለም ሁሉ ተወደደ። በ2019 ያው ታሪክ እንደገና ሲሠራ አንበሶቹ ከበረሓ የተያዙ እስኪመስሉ ድረስ ሕያው ሆኑ፤ ዳይሬክተሩ እንደ ገለጠው ከአንዲት ትዕይንት በቀር ሁሉም በኮምፒዩተር የተሠራ ነበር። ገቢው ከአንድ ቢሊዮን ተኵል ዶላር በላይ ሆነ። ይሁን እንጂ ብዙ ተቺዎች አንድ ነቀፌታ አነሡ፤ አንበሳው ፍጹም አንበሳ በመሆኑ ፊቱ ኀዘንና ደስታ ማሳየት ተሳነው። ሥዕሉ አንበሳ በእንባው ያስለቀሳቸው ሰዎች፣ እውነተኛ መሳዩ አንበሳ እያለቀሰ መሆኑን ከቃሉ እንጂ ከፊቱ ማወቅ አቃታቸው። እውነት በዛ፤ እምነት ግን ጐደለ።

ሁለተኛው ምሳሌ ሶኒክ የተባለው ሰማያዊ ጃርት ነው። በጨዋታና በሥዕል ፊልም ልጆች የለመዱት ይህ ፍጡር እ.ኤ.አ. በ2019 በሕያው ፊልም ማስታወቂያ ሲታይ የሰው ጥርስ የመሰለ ጥርስ ይዞ ብቅ አለ። ተመልካቹ በአንድ ድምፅ «ይህ የእኛ ጃርት አይደለም» አለ። ዳይሬክተሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልኩ እንደሚታረም አስታወቀ፤ የፊልሙም መውጫ ከ2019 ኅዳር ግድም ወደ 2020 የካቲት ተዛወረ። በታረመው መልኩ በወጣ ጊዜም ሕዝቡ በመልካም ተቀበለው።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ሁለት ቍጣዎች ከቴራስ ሆቴሉ ቍጣ ጋር አነጻጽር። በሁሉም ዘንድ ተመልካቹ «የማውቀው አውሬ ይህ አይደለም» ወይም «ይህን አውሬ ከመጠን በላይ አውቀዋለሁ» ብሎ ተነሥቷል። ልዩነቱ ያለው በቍጣው ላይ አይደለም፤ ቍጣው በሄደበት መንገድ ላይ ነው። በአንዱ በኩል ቍጣው ወደ ሠሪው ደረሰና ሥራው ታረመ፤ በሌላው በኩል ወደ ሥልጣን ደረሰና ሥራው ታገደ። የታረመው ሥራ ለሠሪውም ለተመልካቹም ጠቀመ። የታገደው ግን የተነቀፈውን ጕቦ አላስቀረም፤ ጕቦን የሚያሳየውን መስተዋት ብቻ ሰበረ።

የሚገኘው ትምህርት

ከዚህ ታሪክ በየሥራ መስካችን የሚደርሰን ድርሻ አለ። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በመድረክ የቆመውን ጅብ ባየን ጊዜ መጀመሪያ የምናነሣው ጥያቄ «ማን ፈቀደለት?» የሚል መሆን የለበትም፤ «የሚናገረው ነገር በእኔ መሥሪያ ቤት አለ ወይ?» የሚል መሆን ይገባዋል። ከሌለ የሚያስቈጣን ነገር የለም፤ ካለም መቈጣት የሚገባን በጅቡ ላይ አይደለም። የፋቡላን ተመልካቾች ታሪክ የሚወቅሳቸው ስላልወደዱት አይደለም፤ አለመውደድ የተመልካች መብት ነው። የሚወቅሳቸው ሌላው እንዳያይ በሩን ስለ ዘጉ ነው።

የመምህራን ድርሻ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነው። ዛሬ በከሚሴ፣ በባቲ፣ በሰንበቴ፣ ወይም በማንኛውም የአገራችን ከተማ ያለ ልጅ የሌላ አገር አንበሳ በእጅ ስልክ ላይ ሳይቀር ሲያገሣ ያያል። ይህን መከልከል አይቻልም፤ መከልከሉም ጠቃሚ አይደለም። ነገር ግን የውጭው አንበሳ ሲደርስ በልጁ ልብ ውስጥ አስቀድሞ የተሣለ የራሱ ሌንጫ፣ የራሱ ወራቤሳ፣ የራሱ ጦጣ ሊጠብቀው ይገባል። የሚያነጻጽርበት ያለው ልጅ ተመልካች ይሆናል፤ የሌለው ልጅ ያዩትን ሁሉ የሚቀበል ባዶ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ተማሪዎች ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እየጻፉ እንዲያመጡ ማድረግ፣ ከዚያም በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በጨዋታ መልክ እንዲያሳዩት ማበረታታት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ ሥራ ነው።

ጨዋታውም ካለቀ በኋላ ተመልካቾቹ ተማሪዎች አንድ በአንድ እየተነሡ የወደዱትንና ያልወደዱትን ከነምክንያቱ እንዲናገሩ ጊዜ ይሰጣቸው። በቴራስ ሆቴል የጐደለው ይህ ነበር፤ ደራሲው አልጐደለም፣ ተዋናይ አልጐደለም፣ ተመልካችም አልጐደለም። ያልወደደ ሰው ቆሞ «አልወደድሁትም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ ተናግሮ፣ መልስ ሰምቶ፣ በሰላም ወደ ቤቱ የሚሄድበት ልማድ ብቻ ጐደለ። ያን ልማድ በትምህርት ቤት ያገኘ ወጣት ነገ በሥልጣን ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ በፊቱ የቆመውን የአውሬ ጨዋታ ከሕዝቡ ጋር አብሮ እየሣቀ ለማየት የሚችል ልብ ይኖረዋል።